እንደ ራሴ

አለቆችን «ሥራ ለሌላ ሰው እንዴት ይሰጣል» ብለው የሚያስተምሩ ትንንሽ መጻሕፍት አሉ። መጠናቸው ከስልክ ብዙም አይበልጥም። ጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባሉ፣ ፊደላቸው ሰፋ ያለ ነው፣ በየጥቂት ገጹ ምልክት የሚደረግባቸው ባዶ ሳጥኖች አሏቸው። ለገሃር አካባቢም ሆነ አራት ኪሎ፣ መጽሐፍ ክንዳቸው ላይ ደርድረው የሚያዞሩ ልጆች ዘንድ የእነዚህ ዘመዶች አይጠፉም፤ ስለ አመራር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ስኬት የተጻፉት ማለቴ ነው። እኔ ጋ ሦስት አሉ። ሦስቱንም ጨርሻቸዋለሁ። አንዱን ለመጨረስ አንድ የታክሲ ሰልፍ ይበቃል።

የሚሉት ነገር ደግሞ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ የምትሰጠውን ሥራ ምረጥ። ቀጥሎ ሰውየውን ምረጥ። የምትፈልገውን ውጤት ንገረው እንጂ እያንዳንዷን እርምጃ አትንገረው። ለሥራው የሚያስፈልገውን ሥልጣን ስጠው። መቼ መቼ እንደምትገናኙ ተስማሙ። ከዚያ ዞር በልለት። ከበደኝ ሲልህም ሥራውን መልሰህ አትውሰድበት። በቃ፣ ይሄው ነው።

ምክሩ ክፋት የለውም። ችግሬ አራተኛዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ሥልጣን ስጠው» የምትለዋ። እኔ ጋ ባሉት ሦስት መጻሕፍት ውስጥ ይቺ ነገር ከግማሽ ገጽ በላይ አላገኘችም። ስለ ስብሰባ አያያዝ ብዙ ገጽ አለ፣ ስለ ማበረታታት ብዙ ገጽ አለ፣ ስለ ሥልጣን ግን ግማሽ ገጽ። ደራሲዎቹ እንደ ቀላል ነገር ነው የሚያልፏት። ሥራውን ከሰጠኸው ሥልጣኑም አብሮ ይሄዳል ብለው ያሰቡ ይመስላል። እኔ በምሠራበት ከተማ ሥራና ሥልጣን አብረው አይሄዱም። ሥራው ዛሬ ይመጣል፣ ሥልጣኑ አለቃው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። 28 ዓመቴ ነው። ኢንጂነሪንግ ተምሬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ለሱቆችና ለሱፐርማርኬቶች የትዕዛዝና የክፍያ ሲስተም ነው የምንሠራው። 14 ሰዎች ነን። ካቻምና የቡድን መሪ ስደረግ ከመጻሕፍቱ አንዱን የሰጡኝ አለቃችን ናቸው። ሌሎቹን ሁለቱን ደግሞ በሌላ ጊዜ ሰጡኝ። ዕድሜያቸው ወደ 60 እየተጠጋ ነው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እነዚህን መጻሕፍት ከልባቸው ይወዷቸዋል። የሰጡኝ ላይ በእስክርቢቶ ያሰመሩባቸው መስመሮች አሉ። «ሥልጣን ስጠው» የሚለው ላይም ተሰምሮበታል።

መጻሕፍቱ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዊሊያም ኦንከንና ዶናልድ ዋስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች «ሀርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው» ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጥያቄያቸው «ጦጣዋ ማን ጋ ናት?» የሚል ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሠራተኛ ኮሪደር ላይ አለቃውን ያገኝና «ችግር ገጥሞናል» ይለዋል። አለቃው ስለሚቸኩል «እስቲ ላስብበት» ብሎ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ሠራተኛው ጫንቃ ላይ የነበረችው ጦጣ ዘላ አለቃው ጫንቃ ላይ ወጣች። አሁን ሠራተኛው ነው አለቃውን «ምን ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀው። አለቃው በዚህ ዓይነት አርብ ላይ ሲደርስ ጫንቃው የጦጣ መንጋ ተሸክሟል። መፍትሔው ጦጦቹን ወደ ባለቤቶቻቸው መመለስ ነው። ጽሑፉ በጣም ተነበበ። እ.ኤ.አ. በ1982 «ዘ ዋን ሚኒት ማናጀር» የተባለችውን ቀጭን መጽሐፍ ከስፔንሰር ጆንሰን ጋር ያሳተመው ኬን ብላንቻርድ፣ በ1989 ከኦንከንና ከሌላ ደራሲ ጋር ሆኖ ጦጣዋን ራሷን የቻለች መጽሐፍ አደረጋት። የኪስ መጻሕፍቱ ሲበዙ ጦጣዋም አብራ ተባዛች።

ኦንከንና ዋስ ከጦጣዋ ጋር አምስት ደረጃዎችንም አስቀምጠዋል፤ እኔ ከጦጣዋ ይልቅ እነሱን ነው የምወዳቸው። ዝቅተኛው፣ እስኪነገርህ መጠበቅ። ሁለተኛው፣ ምን ላድርግ ብሎ መጠየቅ። ሦስተኛው፣ ሐሳብ አቅርቦ ሲፈቀድ መሥራት። አራተኛው፣ ሠርቶ ወዲያው ማሳወቅ። አምስተኛው፣ በራስ መሥራትና በተለመደው ጊዜ ሪፖርት ማድረግ። እንደነሱ ከሆነ ጥሩ አለቃ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይከለክላል።

ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጦጣዋ ታሪክ የሚነግረን ስለ ደግና ስለ ለስላሳ አለቃ ነው። የሰው ሸክም እየወሰደ ስለተቸገረ ሰው። ችግሩ ጦጣዋ ወደ ላይ መዝለሏ ነው። እኔ ባየሁት ግን ጦጣዋ የምትወርደው ወደ ታች ነው። አለቃው ራሱ አንስቶ ጫንቃህ ላይ ያስቀምጣታል። «በል እንግዲህ፣ አንተ ነህ ያለኸው» ይልሃል። የአንገቷን ሰንሰለት ግን አይለቅም። ጦጣዋ ስትርባት የምትጮኸው አንተ ጆሮ ላይ ነው። ልታበላት ስትሞክር ሰንሰለቱ አያደርስህም።

ይሄን ያየሁት ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ነው።

ከእኔ ጋር የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፣ 25 ዓመቷ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጋሼ ጠርተዋት የክፍያውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ሰጧት። «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ያንቺ ነው። አደራ» አሏት። ደስ ብሏት ነበር የወጣችው። በሳምንቱ የሰርቨሩን የአስተዳዳሪ ፓስወርድ በኢሜይል ጠየቀች። «እናያለን» ተባለች። ደግማ ጠየቀች። እኔም ጠየቅሁላት። «እስቲ መጀመሪያ ሥራውን ትልመደው» አሉኝ።

ቅዳሜ ሹር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ቆመ። ሰው በስልኩ ይከፍላል፣ ብሩ ከአካውንቱ ይወጣል፣ ለሱቁ ግን «ተከፍሏል» የሚለው መልእክት አይደርስም። ገንዘብ ተቀባዮቹ ዕቃውን አንሰጥም አሉ። የበዓል ዋዜማ ነው፤ ሰው ዘይትና ቅቤ ይዞ ተሰልፏል። ልጅቷ ምክንያቱን ያገኘችው 15 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። የሰርቨሩ የደህንነት ሰርተፊኬት ጊዜው አልፎበታል። ማደስ ለሚያውቅ ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ይፈልጋል። ፓስወርዱ ጋሼ ጋ ነው። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ስልካቸው ዝግ ነው።

ቤታቸው ሄድኩ፤ ባለቤታቸው የትኛው ደብር እንደሄዱ ነገሩኝ። እዚያም ሄድኩ። በትንሣኤ ሌሊት አንድን ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ነጭ ለብሷል፣ ሁሉም ጧፍ ይዟል፣ ግቢው ሞልቶ ሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆሟል። አንድ ሰዓት ያህል ፊት ፊት እያየሁ ዞርኩ፣ አላገኘኋቸውም። ልጅቷ እስከዚያው ቤቷ ቁጭ ብላ የየሱቁን ስልክ ታነሳ ነበር። ይቅርታ ትጠይቃለች፣ «እየሠራንበት ነው» ትላለች። የምትሠራበት ግን ምንም ነገር እጇ ላይ አልነበረም። ጋሼ ስልካቸውን የከፈቱት ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ፓስወርዱን ላኩላት፤ በአምስት ደቂቃ ሠራ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ነበር።

ከበዓል ስንመለስ ስብሰባ ተጠራ። ጋሼ አልጮሁም፣ መጮህ ልማዳቸው አይደለም። «አደራ ብዬሽ አልነበር ወይ?» ነው ያሏት። እኔ «ጋሼ፣ ፓስወርዱ እኮ እርስዎ ጋ ነበር» አልኩ። «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉ። ለግንቦት ቃል የተገባላት የደመወዝ ጭማሪ «ኃላፊነት መሸከም እስክትለምጂ» ተብሎ ቆየ። እሷ ምንም አልመለሰችም። በዚያው ሳምንት ሲቪዋን ስታስተካክል አየኋት።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» የምትለዋ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። እኔ እስከማውቀው ጉዳዩ እሱ ብቻ ነው። ግን ጋሼ ውሸታም ሰው አይደሉም። ያሉትን ያምኑበታል። ታዲያ እንዴት ነው አንድ ቅን ሰው ሥራን ሰጥቻለሁ ብሎ የሚያምነው፣ ምንም ሳይሰጥ? መልሱን ከኪስ መጻሕፍቱ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ራሳቸው ከተጠቀሙበት ቃል ነው።

አማርኛ ሥራን ለሌላ ሰው ለመስጠት ብዙ ቃል አለው፣ እያንዳንዱም የተለየ ነገር ነው የሚሰጠው። መላክ አለ። እናቴ ልጅ ሆኜ ሱቅ ስትልከኝ ብሩን ቆጥራ፣ የዕቃውን ስም አስደግማ፣ መልሱንም ነግራ ነበር። እኔ እግር ብቻ ነበርኩ። ማዘዝ አለ፣ እሱም ከመላክ ብዙ አይርቅም። ከዚያ አደራ አለ።

አደራ የሚያምር ቃል ነው። ጎረቤት ቁልፉን አደራ ብሎ ክፍለ ሀገር ይሄዳል። እናት ልጇን አደራ ብላ አረብ አገር ትሄዳለች። አደራ በላ መባል ከሌባ መባል ይብሳል። ግን አደራ ማንን እንደሚያስር እዩት። የሰጠው ሰው ቀለል ብሎት ይሄዳል፣ የተቀበለው ይከብደዋል። ቢጠፋ የሚጠየቀው ተቀባዩ ብቻ ነው። ሌላም አለ፤ የአደራ ዕቃ ይጠበቃል እንጂ አይነካም። ጎረቤቴ ቁልፉን ስለሰጠኝ ሳሎኑን ቀለም አልቀባለትም። አደራ ሳይነኩ መጠበቅ ነው። ሥራ ደግሞ ሳይነኩት አይሠራም። ጋሼ ልጅቷን የክፍያ ሲስተሙን እንድትጠብቅላቸው ነው የሰጧት፣ እንደ ቁልፍ። ከዚያ ለምን አልሠራሽውም ብለው ጠየቋት።

አራተኛው ቃል ውክልና ነው። ይሄን ቃል በደንብ ያወቅሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ እዚህ ቤት አለው። ቤቱን አባቴ እንዲያስተዳድርለት ውክልና ላከ። ወረቀቱ መጀመሪያ እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ እዚህ ሲመጣ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዷል። አባቴን ይዤ ስመላለስ ወረፋ ላይ ደጋግሜ አነበብኩት። ግጥም የለውም፣ ስሜት የለውም፣ «አደራ» የሚል ቃል የለውም። ያለው ግስ ነው። እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲቀበል፣ ግብር እንዲከፍል፣ እንዲያሳድስ፣ ውኃና መብራት እንዲያስገባ፣ ጠበቃ እንዲያቆም። እንዲሸጥ የሚል ቃል ግን የለበትም። አባቴም ያንን አይቶ አልተቀየመም። እንዲያውም ቀለለው። የሚችለውንና የማይችለውን አወቀ።

ወረቀቱ ደስ ስላለኝ ቤት ገብቼ ሕጉን ፈለግሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና ከአንቀጽ 2199 ጀምሮ ያትታል። ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው የአስተዳደር ሥራ መሥራት ይችላል፤ ንብረቱን መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ የሚበላሽ ዕቃ ካለ መሸጥ። ቤት መሸጥ፣ ቤት ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት ከሆነ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ተወካዩ የሠራውን ሥራ ሒሳብ ማቅረብ አለበት። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። አሁን ዋናው ነገር መጣ። ተወካዩ በሥልጣኑ ወሰን ውስጥ ሆኖ በወካዩ ስም የሠራው ነገር፣ ወካዩ ራሱ እንደሠራው ይቆጠራል። አባቴ ቤቱን ለአንድ ሰው ቢያከራይ፣ አጎቴ ከሜሪላንድ ደውሎ «እኔ አላውቀውም» ማለት አይችልም።

ልዩነቱ ይሄ ነው። አደራ ተቀባዩን ያስራል፣ ውክልና ሰጪውንም ያስራል።

አንቀጽ 2199 ውክልና ምን እንደሆነ ሲተረጉም እንደራሴ የሚለውን ቃል ይጠቀማል። ቃሉን በየቀኑ እንሰማዋለን፤ የሕዝብ እንደራሴ እንላለን። ሰነጣጥቆ የሚያየው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ እንደ፣ ራሴ። ይሄ ሰው ሲናገር እኔ እንደተናገርኩ ቁጠሩት። ሲፈርም እኔ እንደፈረምኩ። ሲሳሳትም እንደዚያው። ሦስቱ የኪስ መጻሕፍት ተሰብስበው ያላሉትን በአንድ ቃል የጨረሰ ይመስለኛል።

ቃሉ ብቻውን ግን ሥልጣን አይሆንም። በ1909 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን «አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ» ተባሉ። ስሙ ሙሉ ነበር። ሥልጣኑ ግን ለዓመታት ከንግሥት ዘውዲቱና ከጦር ሚኒስትሩ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጋር በመጋራትና በመጎተት ነበር። ሙሉ የሚለውን ቃል ማን እንደሚጽፍ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ሰው እጁን ከምኑ እንዳነሳም ማየት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎም ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 አለ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የሕዝቡን ክርክር ብቻውን ይፈርዳል፤ ሰው ቆሞ ይውላል። አማቱ ዮቶር መጥቶ አየና ይሄ መልካም አይደለም፣ አንተም ትደክማለህ ሕዝቡም ይደክማል አለው። የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳ፣ የአሥር አለቃ ሹም፤ ከባዱ ነገር ወደ አንተ ይምጣ፣ ቀላሉን እነሱ ይፍረዱ አለው። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ ስንል እስከዛሬ ያንኑ መሰላል እየጠራን ነው። ልብ በሉ፣ ዮቶር «ክርክሩን ሰምተው ላንተ ይንገሩህ» አላለም። ይፍረዱ ነው ያለው።

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይሄ ሁሉ አዲስ ሊሆንበት አይገባም። እኛ ጋ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሥራ ሲያዘው፣ ፈቃዱ አብሮ ካልተሰጠው ሥራው ወዲያው ይወድቃል። «ፍቃድ የለህም» የሚል መልእክት ይመጣል፣ አለቀ። ፕሮግራሙን ማንም አይወቅሰውም፣ ደመወዙንም አይቀንስበትም፤ ፈቃዱን ያልሰጠውን ሰው ነው የምንፈልገው። በየአሥር ደቂቃው «ደረሰ? ደረሰ?» እያለ የሚጠይቅ ፕሮግራም ደግሞ ሲስተሙን ያጨናንቃል፤ ስትጨርስ ንገረኝ ብሎ መተው ይሻላል። ለማሽን ይሄን ሁሉ እናውቃለን።

አሁን ጋሼን ልከላከልላቸው፣ ምክንያቱም እሳቸውም ዝም ብለው አይደለም ሰንሰለቱን የያዙት። ድርጅቱን የጀመሩት መኪናቸውን ሸጠው ነው። አንድ ጊዜ ከሰው ጋር ሸሪክ ሆነው ተጎድተዋል፤ ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ራሳቸው ናቸው የሚነግሩን። ያደጉትና የሠሩትም ማህተም መሳቢያ ውስጥ በሚቆለፍበት አገር ነው። «ባለማህተሙ ፊልድ ወጥቷል፣ ሰኞ ተመለሱ» ያልተባለ ሰው እዚህ አገር አለ? ሰው ማህተሙን የማይሰጠው ሥልጣን ስለሚጣፍጠው ብቻ አይደለም። በሌላ ሰው እጅ በተመታ ማህተም እሱ ስለሚጠየቅ ነው። የኪስ መጻሕፍቱ ለዚህ ሰው «ሠራተኞችህን እመናቸው» ይሉታል። እምነት ግን በመመሪያ አይመጣም። ሁለት ጊዜ የተቃጠለን ሰው እሳት አትፍራ ብትለው አይሰማህም።

የውክልና ወረቀቱ ብልጠት እዚህ ላይ ነው። አጎቴ አባቴን እንዲያምነው አይጠይቀውም። ወንድሙ ነው፣ ያምነዋል፣ እንዲያም ሆኖ «እንዲሸጥ» አላለም። ወረቀቱ የተሠራው እምነት በሚያንስበት ዓለም እንዲሠራ ነው። ሙሉ እምነት ከሌለህ ቁራጭ ሥልጣን ስጥ፤ ቁራጯን ግን እውነተኛ አድርገህ ስጥ። ስትፈልግ ሻራት። እስክትሽራት ድረስ ግን ያንተ ናት፣ ተጠየቅባት።

ይሄን ይዤ በሰኔ ጋሼ ጋ ገባሁ። ልጅቷን አማክሬያት ነበር፣ አብረን ነው አንድ ገጽ የጻፍነው። ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ሳትጠይቅ የምትሠራው፤ ሰርቨሩን ማስነሳት፣ ሰርተፊኬት ማደስ፣ የተበላሸ ለውጥን ወደ ቀድሞው መመለስ። ሁለተኛ፣ ሠርታ ወዲያው የምታሳውቀው፤ ሲስተሙን ለጊዜው መዝጋት፣ ሁለት ጊዜ ለከፈለ ደንበኛ ብር መመለስ። ሦስተኛ፣ ሳትጠይቅ የማትነካው፤ የባንክ ውሎች፣ የደንበኞች መረጃን መሰረዝ። ከታች አንድ መስመር አለች፤ «ከዚህ በላይ በተፈቀደው መሠረት ለተሠራ ሥራ ለደንበኛ መልስ የሚሰጠው ሥራ አስኪያጁ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ብር የመመለሷ መስመር ላይ «እስከ 20 ሺህ ብር» ብለው ጨመሩ። ጥሩ ጭማሪ ነበር፣ እኛ ያላሰብነው። ከዚያ የመጨረሻዋን መስመር ሰረዟት። «ይሄ አያስፈልግም፣ እኔ መቼ ሸሽቼ አውቃለሁ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዋናዋ እሷ ናት» አልኩ። «ልጄ፣ ከፈለግህ ሌላውን እፈርማለሁ» አሉ። ፈረሙ። «ማህተም ልምታበት እንዴ?» ብለው ሳቁ። ፓስወርዱን የዚያኑ ቀን ሰጧት።

ወረቀቱን ሳሳያት መጀመሪያ ያየችው የተሰረዘችውን መስመር ነው። «ስለዚህ እሠራለሁ፣ የምጠየቀው ግን እኔው ነኝ» አለች። ምንም ማለት አልቻልኩም፤ ትክክል ነበረች።

በነሐሴ አንድ ማታ ከአንድ ትልቅ ደንበኛችን የሚመጣው ክፍያ ሁለት ሁለት ጊዜ መቆረጥ ጀመረ። ልጅቷ የዚያን ደንበኛ ክፍያ ዘጋችው፣ ለሁለት ሰዓት ያህል። ከዚያ አስተካክላ ከፈተችው፤ ሁለት ጊዜ ለተቆረጠባቸው ሰዎች ብራቸውን መለሰች። ለጋሼና ለእኔ ሦስት መስመር መልእክት ላከች፤ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገች፣ ስንት ብር እንደተመለሰ። ጋሼ «እሺ» ብለው መለሱ።

ጠዋት የደንበኛው ሥራ አስኪያጅ ደወለ፣ ተቆጥቷል። ሁለት ሰዓት ገበያ ላይ ዘግታችሁብኛል፣ ማን ነው የዘጋው፣ ስሙን እፈልጋለሁ ይላል። ጋሼ ስፒከር ላይ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን። ልጅቷ ስክሪኗ ላይ አፍጥጣለች። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «እኔ ነኝ የዘጋሁት» አሉ። «ባልዘጋው ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር።» ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱት። ስልኩን ሲዘጉ ወደ ማንም አላዩም። ቡና ይምጣልን አሉ።

ያቺን የተሰረዘች መስመር እስከዛሬ አልመለሷትም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። አንዳንዴ ግን እንዲህ አስባለሁ፤ በዚያች ጠዋት የተናገሩት ነገር ከመስመሯ ይበልጣል፣ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስሜታቸው ጥሩ ባይሆንስ? ለአጎቴ ወረቀት ያስፈለገው ለክፉ ቀን ነው እንጂ ለደግ ቀንማ ወንድምነት ይበቃዋል።

እናንተም ከእኔ በላይም ከእኔ በታችም ልትሆኑ ትችላላችሁ። አንድ ሰው «ይሄን አንተ ያዘው» ወይም «አንቺ ነሽ ያለሽው» ሲላችሁ ደስ ይላል፣ ሊላችሁም ይገባል። ግን እዚያው ቆማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሳልጠይቅ ምን ማድረግ እችላለሁ? ለዚያ የሚያስፈልገው ቁልፍ፣ ፊርማ ወይም ፓስወርድ መቼ ይሰጠኛል? የተፈቀደልኝን ሠርቼ ሰው ቢቆጣ ማን ይመልሳል? መልሱ «እናያለን» ከሆነ የተሰጣችሁ አደራ ነው። አደራውን መቀበል ትችላላችሁ፣ ስሙን ግን እወቁት።

ልጅቷ አሁንም ከእኛ ጋር ናት። የደመወዝ ጭማሪዋ በመስከረም ተሰጣት። ከግንቦት ጀምሮ የነበረው የአራት ወሩ ግን አልተከፈላትም፣ ስለሱ የሚል ምንም መስመር ወረቀቱ ላይ አልነበረንም። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን ወረቀት ማርቀቅ ጀምረናል። የአራቱ ወር ጉዳይ አንደኛ ተራ ላይ ነው።